ጠማማዎቹ አበቦች

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ዛሬም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? አባዬ እህል ይቀምሳል ወይስ አሁንም ሳህኑን እያየ ይነሣል? የሚጣሽ የወለቀው ጥርስ በቀለ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

የላክሽልኝ የእማዬ ዳንቴል ደርሶኛል። ፌስታሉን ስከፍት የሣጥኗ ሽታ ወጣ፤ ፊቴን ቀብሬ አለቀስኩ። ቀብሯ ላይ ያልቆምኩ ልጅ፣ ልቅሶዬን በፌስታል ተቀበልኩ።

አሁን ጥፋቴን ልንገርሽ። እንደምታውቂው ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው አንሶላ ስተኩስ ነው የምውለው፤ ዐይኔ የተጨማደደ ነገር አይችልም። ዳንቴሉን ስዘረጋው ዳር ላይ ያሉት አሥራ አንድ አበቦች ጠማማ ሆነው አገኘኋቸው። አንዱ አራት ቅጠል፣ አንዱ ሰባት፣ ሌላው እንደ ቡጢ የተጨበጠ። እማዬ ደግሞ ስድስት ቅጠል ሳይሞላ ክር የማትቆርጥ ሴት ናት። የሚጣ ሥራ ነው ብዬ ሳቅኩና በእረፍት ቀኔ ሁሉንም ተረተርኳቸው።

ማክሰኞ ስትደውይ ነው የነገርሽኝ። ለካ በመጨረሻ ዐይኗ ጠፍቶ በዳበሳ ነበር የምትሠራው። እንደ ልማዷም በየአበባው ለአንድ ነገር ተመስገን ትል ነበር፤ የመጨረሻውን በእኔ ስም ሠራችው። እኔ "ያምራል፣ እግዜር ይስጥሽ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዋሸሁሽ፤ ይቅር በይኝ።

ዐይኗን ለምን ደበቃችሁኝ? በሰው አገር እንዳልጨነቅ ነው፤ እኔም ብሆን እደብቅ ነበር። ግን ባውቅ ኖሮ እጄ ይቆረጥ እንጂ አልነካውም ነበር።

አለቃችን፣ ሲሄድ ስለሚያፏጭ ፉጨት የምንለው ሰውዬ፣ ሳለቅስ አየኝና "ንጹሕ አንሶላ ላይ አታልቅሺ፣ መልሰሽ ልታጥቢው ነው" አለኝ። ነገሩን ስነግረው ፉጨቱን አቆመ። "ክሩ አለ አይደል?" አለ።

ክሩ አለ። እሷ ያጠፈችው እጥፋት አልለቀቀውም። ዐይኔን በሻሽ አስሬ ከዳንቴሉ ጋር የላክሽውን የእማዬን ኪሮሽ አነሣሁ። ልጆች ሳለን "ለጎረቤት ድመት መሞት ተመስገን" ብለሽ እማዬ በዚሁ ኪሮሽ እጅሽን የመታችሽ ትዝ ይልሻል? እኔ ግን ከሞተች ወዲህ ተመስገን ማለት አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር። ቀዳዳውን በጣቴ ስፈልግ፣ ሲያመልጠኝ፣ ደግሜ ስፈልግ፣ ያቺ ሴት በዚያ ጨለማ ምን አግኝታ እንዳመሰገነች ገባኝ። ይህን እጅ ስላስተማረችኝ ተመስገን አልኩ። ተጽናናች ብለሽ እንዳታስቢ፤ እያመመኝ ነው ያልኩት።

አሥሩን ጨርሻለሁ፤ እንደሷው ጠማማ ሆነዋል። የእሷ እጅ እንዳልሆኑ ግን አውቃለሁ። አሥራ አንደኛውን፣ የራሴን፣ መሥራት አልቻልኩም። ክሩን ለብቻው ጠቅልዬ ከዳንቴሉ ጋር ልኬልሻለሁ። አጠገቧ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ዐይንሽን ጨፍነሽ ሥሪውና እሷ እንዳለችው አድርገሽ ስሜን ጥሪ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽ ለጋሼ፣ ፌስታሉን ይዞ ፖስታ ቤት ለተመላለሰው፣ ምስጋናዬ ይድረሰው። ሚጣን በሐሰት ስለጠረጠርኳት ሁለቴ ሳሚያት። ለእማዬም ሰላምታዬ ይድረስ፤ እጄ ለምዶ ጻፈው። አልሰርዘውም፤ አንዴ ያፈረስኩት ይበቃኛል።

ታናሽሽ
ከመተኮሻው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 9 ቀን