የዳሩ ወታደር

ፍኖተ ሰላም
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናፈቅሽኝ ልጄ ለምሥራቅ፣

ኩዌት ባለሽበት ቤት የእመቤቲቱ ልብ ይራራልሽ፤ ጉልበትሽን አምላክ ይጠብቅልሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ይህችን ደብዳቤ የምትሰጥሽ እንቁ ናት፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ እዚያው ለሥራ መምጣቷ ነው። ኔትወርኩ አንድ ሰሞን መጥቶ ሌላ ሰሞን ይጠፋል፤ ቢኖርም ስደውል አታነሺም። አልቀየምሽም። ባለፈው ያነሳሽ ቀን «እማ፣ እዚያ አገር ሰው የሚያውቀኝ በመሳቂያነት ነው። ምን ልሁን ብዬ ልመለስ?» አልሽኝ። ዛሬ መልሱን ይዤ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የአባትሽ መታሰቢያ የቼዝ ውድድር ተደረገ። መንገዱ ተዘግቶ ስለከረመ ከቡሬም ከመራዊም ልጆች ሲሰበሰቡ ገና መጀመሪያው ነው። አሰልጣኙ ያረጋል ነው፤ ያ አብሮሽ ይማር የነበረው፣ አሁን ሆዱ ወጥቷል። እኔንም የጋሽ ወንዳወቅ ባለቤት ብሎ ጠራኝ።

ተቀምጬ ሳይ አንዲት የመራዊ ልጅ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ የዳሩን ወታደር ገፋች። ቀጥላ ያንኑ ደገመችው። የሚስቅባት ሰው ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። ያረጋል እንዲያውም በሹክሹክታ «ጎበዝ!» አለ።

በዕረፍት ሰዓት ያዝኩት።

«ያረጋል፣ ይህ እኮ የምሥራቅ ነው።»

«የምን ምሥራቅ?»

«የልጄ። ቡሬ ላይ የሳቃችሁባት።»

አንገቱን አከከ። «እትዬ ካሰች፣ ያኔ ስህተት ነበር። አሁን ፋሽን ነው።»

«ስህተት እንዴት ፋሽን ይሆናል?»

«ቼዝ የሚጫወተው ኮምፒውተር ነዋ! እሱ ሲገፋ ታየ፣ ትልልቆቹ ተጫዋቾች ተከተሉት። የጋሽ ወንዳወቅ መክፈቻ፣ ያ ገና በጠዋቱ ወታደር ሰጥቶ ማጥቃት፣ ዛሬ በትልቅ ውድድር እምብዛም የሚደፍረው የለም። ቀጥሎ ሁሉም ሲሲሊያን የሚባለውን መክፈቻ ያዘ። ደግሞ ለንደን የሚሉት መጣ፤ እኛ የፈሪ መክፈቻ እያልን ስናላግጥበት የነበረው። አሁን የዳር ወታደር። እንደ ቀሚስ ነው እትዬ፤ ያጥራል፣ ይረዝማል።»

እንደ ቀሚስ። ልጄን ከቤቴ ያስወጣት ነገር እንደ ቀሚስ የሚያጥር የሚረዝም ነበር።

የቡሬውን ውድድር አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። አሥራ ሰባት ዓመትሽ ነበር። ወታደሩን ስትገፊ አባትሽ አሰልጣኝነቱን ረስቶ «ጦርነቱ መሀል ነው፤ ይሄ ወደ ፈረስ ቤት ገበያ ነው እንዴ የሚሄደው?» አለ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አንቺ ቀና ብለሽ በዓይንሽ እኔን ፈለግሽ። እኔ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ነበር። ትከሻዬ እንደ ሰዉ ሁሉ ሲነቃነቅ አይተሽ እንደሆነ እንጃ። ያን ቀን ብርድ ነበር። ከዚያ ንግሥትሽን በከንቱ ሰጠሽ።

ፊደል የለየሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው፤ አስተምሩኝ ማለት አፍሬ፣ አባትሽ ለተማሪዎቹ ባባዛቸው የቼዝ ትምህርቶች ላይ ብቻዬን። ሁሉም «መሀሉን ያዙ» ይላሉ። እውነቱን ነበር እያልኩ ስጽናና ኖርኩ። አሁን ያም የለኝም።

ያረጋልን ለመንኩት። «ሽልማት ሲሰጥ ስሟን አንሣልኝ። ሌላ አልጠይቅህም።»

«ምን ችግር አለው እትዬ፤ አነሣለሁ።»

ወደ ማታ ዋንጫውን ለመራዊዋ ልጅ ሰጥቶ ማይክራፎኑን ያዘ። «ይህን አጨዋወት ዓለም ሳያውቀው፣ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ያየው ሰው ነበር» አለ።

አሁን፣ አልኩ በልቤ።

«ጋሽ ወንዳወቅ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አጠገቤ የነበሩት ቄስ ገብረሰንበት «ተነሺ እንጂ ካሰች፣ ለአንቺ እኮ ነው» አሉኝ። ተነሣሁ። ያረጋል ጋቢ አለበሰኝ። ስምሽን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ሰው ሁሉ ጠበቀኝ፣ ልጄ። እጅ ነሥቼ ተቀመጥኩ።

በኋላ ፈገግ ብሎ መጣ። «ደስ አለዎት? እሷን ማን ያውቃታል፤ በእሳቸው ስም ይሻላል ብዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

እንግዲህ ነይ ብዬ የምጠራሽበት አፍ የለኝም። ሰዉ ዛሬም በዚያው በቡሬው ሳቅ ያውቅሻል።

የማርያም ጥላ ከራስሽ አይለይ። ከክፉ አሠሪ፣ ከክፉ ደላላ ትሰውርሽ፤ ሌሊት እንቅልፍሽን አትንሣሽ። ጋቢውን በእንቁ ልኬልሻለሁ። የኩዌት ሙቀት እንደማያስለብስሽ ነግረውኛል። አጥፈሽ አንድ ጥግ ላይ አኑሪው፤ እኔ ከእሱ ጋር አንድ ቤት ማደር አልቻልኩም።

እናትሽ ካሰች