የማህሌት እጅ ያለበት ግድግዳ

ውድ ጋሽ ማኑሄ፣

የአዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ፓስተር ስምዖን «ቸርቹ ትንሽ እድሳት ፈልጎ ነው» ብለው እንደ ደወሉልዎት ሰማሁ። ውሸት ነው! እርስዎ እንዳይደነግጡ ተብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ውሸት አልችልበትም። የለንደኑ፣ የሃክኒው ቸርቻችን ተዘግቷል። በሕንፃ መርማሪነቴ አይቼ ይዘጋ ብዬ የጻፍኩት እኔ ራኬብ ነኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ ልጅ።

ያ አሮጌ ሕንፃ ጡቡ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ እርጥበት ያስገባል፣ መልሶም ያስወጣል። እናንተ አባቶች ስትረከቡት ግድግዳው ሲረግፍ አይታችሁ አዘናችሁለት። አገር ቤት የጭቃ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን ማዕረግ ነውና፣ «የጌታን ቤትማ!» ብላችሁ ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ለሰናችሁት። ልስኑ ሳይደርቅ እኛን ልጆቹን አሰልፈው እጃችንን አሳተሙን። የልጅዎ የማህሌት እጅ ከእኔው አጠገብ ነበር። በዓመቱ እሷ ስታርፍ፣ በየእሁዱ መዳፍዎን እዚያ ላይ አድርገው ሲጸልዩ አይ ነበር።

ሙቀትና ቅዝቃዜ በቀለም በሚያሳይ ካሜራ ቼክ ሳደርገው እርጥብ ቦታው ቀዝቅዞ ሰማያዊ ሆኖ ታየኝ። ከሁሉ የባሰው የማህሌት እጅ ያለበት ነበር። ግድግዳውን በስቼ ከየጥልቀቱ ዱቄት አወጣሁ፤ መዘንኩ፣ አድርቄ እንደገና መዘንኩ፣ እርጥበቱ ከጡቡ ያሟሟውን ጨው ለካሁ። ዝናቡ በስንጥቅ ገብቶ መውጫ አጥቷል። ጨዉ ከሲሚንቶው ኋላ እየጠጠረ ጡቡን በልቶታል። ከውጭ ሲያዩት ግን ምን የመሰለ ግድግዳ! ምርመራውን ደገምኩት። ተጠራጥሬ አይደለም፣ ምነው ተሳስቼ በሆነ ብዬ ነው።

ልስኑ ካልተነሣ ግድግዳው መንገደኛ ላይ ይወድቃል ተባለ። «አንዷን እጅ ብቻ ቆርጠን እናውጣ» ብዬ ለመንኩ። ግንበኛው ተክለአብ፣ የእኛው ሰው ነው፣ ዙሪያዋን በመጋዝ ቀስ እያለ ቆረጠ። እኔ ከሥር ፎጣ ዘርግቼ ያዝኩ።

«ራኪ፣ ተይው፤ ኋላው ባዶ ነው» አለኝ።

«ዝም ብለህ ቁረጥ!» ጮህኩበት።

ተላቀቀች። ፎጣው ላይ ረገፈች።

ጋሽ ማኑሄ፣ አልቅሼ ሳበቃ በእርስዎ ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ቤቱን የጎዳው ያ ሁሉ ፍቅራችሁ ነው ብዬ በየትኛው አፌ ልንገርዎት? ግን እውነቱ እሱ ነው። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እለስነው ነበር።

የተረፈው የአውራ ጣቷ አሻራ ብቻ ነው። በጥጥ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የቸርቻችን ልጅ አበባ ለገና ወደ አገር ስትመጣ ላድርስልዎ ብላኝ ነበር፤ በሰው አልልከውም። እስከ ገናም አይቆይም። ጨዉ ውስጡ አለ፣ በደረቀ ቁጥር ይፈረፈራል፤ ጥጡን በገለጥኩ ቁጥር ዱቄት አገኛለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ፣ በሚመጣው ሳምንት እደርሳለሁ። መዳፍዎን እንደ ድሮው ያሳርፉበት፤ ግን አይጫኑት።

ልጅዎ ራኬብ