የውሰት ሆድ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 12

ዛሬ አስራ ዘጠኝ ወገብ ለካሁ። ጣቶቼ ዝለዋል። ካርኒቫሉ ሦስት ወር ተኩል ይቀረዋል፤ የጭፈራ ቡድኑ አለቃ ኤደልሚራ ግን ጨርቁን ካሁኑ አምጥታ ከምራልኛለች። አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እጅ የሚያሳክክ ጨርቅ። ዘንድሮ ደግሞ ሕግ አውጥታለች። ወገቧ ከሰባ ሁለት ሳንቲ ያለፈ የኋላ ረድፍ ትጨፍራለች። የፊቱን ረድፍ ቴሌቪዥን ያነሳዋል፤ የኋላውን ማን ያየዋል? ቁጥሩን በትልቁ ጽፋ ስፌት ክፍሌ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው።

ያዲራ ሰባ ዘጠኝ ሆነች። የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ቺሊ ሰው ቤት ስለምትሠራ እኔ ጋ ስትኖር ስምንት ዓመቷ። ዕድሜዋ ሃያ፣ ስልሳ ሁለት ኪሎ፣ ጤነኛ ልጅ። ሜትሩን ሳነብላት ግን መርዶ የተረዳች ነው የመሰለችው።

እኔን የሚለካኝ የለም። መቶ ሦስት ኪሎ። ካልጠየቁኝ አልናገርም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16

ሁሉም ስለ መርፌ ነው የሚያወሩት። የማቅጠኛው መርፌ። ኤደልሚራ ቦጎታ ያለ፣ በስልክ የሚያክም ክሊኒክ አግኝታለች። ሐኪሙ የምር ሐኪም ነው፣ መድኃኒት ቤቱም የምር መድኃኒት ቤት። ፎርም ትሞያለሽ፣ ሐኪሙ ያያል፣ ያዛል፣ ባለሞተሩ በረዶ ያለበት ሳጥን ይዞ በርሽ ድረስ ይመጣል። ያዲራ ትናንት ሞልታ ነበር፣ እውነቱን። ዛሬ መልስ መጣ፤ ባለሽ ክብደት አይታዘዝልሽም፣ ጤነኛ ነሽ። ጨርቁ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ግን በልቤ ጎሽ ሐኪም አልኩ።

ከዛ ኤደልሚራ ፎርሙን አነበበች። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ፎቶ ይላል፣ ከአንገት በታች። ፊት ከመታወቂያው ላይ ነው የሚወስዱት። ቀና ብላ አየችኝ። ፊቴን አይደለም...

"ሮስሚራ፣ አንቺ እኮ ሀብት ታቅፈሽ ነው የተቀመጥሽው" አለች።

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሸሚዜን ገልቤ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ከፊት፣ ከጎን። አስራ አንድ ሴት የኔን ሆድ በስልኳ ይዛ ሄደች፤ ያዲራም አንዷ ናት፣ የትናንቱ ኪሎ ስህተት ነበር ብላ እንደገና ሞላች።

ለራሴ ልዋሽ? ደስ ብሎኝ ነበር። በአርባ ዘጠኝ ዓመቴ ይሄን ሆድ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ነው።

ደግሞ አንዷ እንኳን "አንቺስ፣ ይታዘዝልሽ?" አላለችም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 5

ክፍሉ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መርፌው እንደዛ ያስገሳል። አስራ አንድ ሴት፣ ሳቅ፣ ግሳት፣ ሽቶ... መስኮት ከፍቼም አልወጣልኝ። ምሳዬን አልበላሁም። ሳልወጋ እኔም ልቀጥን ነው መሰል።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 18

ክሊኒኩ በየወሩ አዲስ ፎቶ ይፈልጋል። ለውጡን ሊያይ። ተሰልፈው መጡ። ሸሚዜን ገለብኩ። መቶ አራት፤ በዓል ስለደረሰ ነው አልኳቸው፣ ማንም አልጠየቀኝም እንጂ። ኤደልሚራ ፎቶውን ስታነሳ "ትንሽ ዞር በይ" አለችኝ፣ ላም የምትሸጥ ይመስል።

ያዲራ ሰባ አንድ ገባች። የፊት ረድፍ። አቅፋ ሳመችኝ። የትከሻዋ አጥንት ወጋኝ። ማታ እንቁላል የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ጠብሼላት አንዴ ገምጣ ሳህኑን ወደኔ ገፋችው። በላሁት። ምን ላድርግ፣ ይጣል?

እሁድ፣ ጃንዋሪ 19

ሦስተኛ ፎቶ። ያው እኔ፣ ያው ሆድ።

የያዲራን ቀሚስ ለሦስተኛ ጊዜ አጠበብኩት። ወገቧ ስልሳ አራት። የገዛ ስፌቴን ስተረትር ነው የምውለው። የሻወሩ ቀዳዳ በያዲራ ጸጉር ተደፍኗል፤ ጎትቼ አወጣሁት፣ እፍኝ ሙሉ፣ እርጥብ... እጄን ሁለቴ ታጠብኩ።

አሁንስ ይበቃሻል አልኳት። ቆጣ አለች። ከታዘዘላት አንድ ነጥብ አሳልፋ አታውቅም፣ እውነቷን ነው፣ በሳምንት አንዴ ቀኑን ጠብቃ ነው የምትወጋው።

"መጠኑን የጨመረልኝ ሐኪሙ ነው አክስቴ። አንቺ ከሐኪም ትበልጫለሽ?"

ስፌት ነው የማውቀው። ምን ልበላት? ግን ለምን ይጨምርላታል? ልጅቷ እያለቀች አይደል እንዴ?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 28

ሆስፒታል። ወንበር ላይ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ከቀኝ ጎኗ በታች ውጋት ይዟት መሬት ላይ ተጠቅልላ አገኘኋት። አረንጓዴ ነገር ታስመልሳለች። አይኗ ቢጫ ሆኗል። በታክሲ አመጣኋት፤ ሹፌሩ ወንበሬን እንዳታበላሽ እያለ ሲነጫነጭ መጣ።

የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወጣት ነው። ምን እንደምትወስድ ጠየቀ፣ የክሊኒኩን መልእክት ከፍቼ ስልኳን ሰጠሁት። አነበበ። መልሶ አነበበ። ከዛ ጮክ ብሎ፣ "መቶ ሦስት ኪሎ፣ ዲሴምበር መቶ አራት፣ ጃንዋሪ መቶ አራት። ታካሚዋ ለውጥ የላትም፣ መጠኑ ይጨመር" አለ። ሁለት ጊዜ ተጨምሯል። አልጋው ላይ ያለችውን አየ። ሃምሳ ኪሎ አትሞላም።

ያኔ ገባኝ። እሱ ሳይናገር ገባኝ። ሆዴ አልቀነሰም፣ ስለዚህ ጨመሩላት። ቦጎታ ያለው ሐኪም እኔን ነበር የሚያክመው፤ መርፌው የሚገባው እሷ ላይ። ፎቶ ተነሺ ሲሉኝ እየሳቅሁ የቆምኩት እኔው። አስራ አንድ ሴት፣ በየወሩ ለካን፣ ተሳሳቅን፣ አንዳችንም ይሄን አላሰብንም?

"ይሄ የማን ሆድ ነው?" አለኝ።

ያዲራ ከአልጋው፣ "አክስቴ ዝም በይ።"

"የኔ ነው" አልኩት።

አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

የሐሞት ከረጢቷን አወጡላት። በጠጠር ተሞልቶ ነበር፤ ቶሎ ለሚከሳ ሰው እንደዛ ይሆናል አሉኝ። ውኃም አልቆባታል፣ ኩላሊቷ ተጎድቶ ነበር። ጉሉኮስ እየገባላት ነው። ትተርፋለች። ትተርፋለች ብለውኛል።

እሷ ስትተኛ ለክሊኒኩ ጻፍኩ። አስራ አንድ ሴት፣ አንድ ሆድ፣ ሆዱ የኔ ነው፣ ስማቸው ይሄ ነው። ስም በስም ጻፍኩት። ሌላዋም እስክትወድቅ ልጠብቅ?

ከሰዓት በኋላ ኤደልሚራ ደወለች። አስራ አንድ እህቶችሽን ሸጥሽ አለችኝ። አስር ናቸው፣ አንዷ እዚህ ተኝታለች አልኳት። ዘጋችው። ስለ ያዲራ ግን አልጠየቀችም። ካርኒቫሉ ሊደርስ መድኃኒት አቋረጥሽብን ብቻ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ያዲራ ቤት ገብታለች። አታናግረኝም። ስሟን ለክሊኒኩ ስለሰጠሁ፣ ከቡድኑም ስለወጣች። ሾርባውን በሯ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ግማሹ ይመለሳል። ግማሹን መጠጣቷም አንድ ነገር ነው።

ሴቶቹ ያላለቀ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሌላ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰዱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ቀድጄ ጣልኩት፣ ሙጫው ቀረ።

የክሊኒኩ ሐኪም ራሱ ደወለ። ከእንግዲህ ፊት ለፊት በቪዲዮ ሳናይ፣ ደም ሳናስመረምር አናዝም አለ። ከሦስት ወር በፊት ብትሉትስ? አልኩ በልቤ። ከዛ "እርስዎስ፣ ስኳርዎን ተለክተው ያውቃሉ?" አለኝ። የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው። በሚገባ ተመርምረው ከሆነ ለእርስዎ መድኃኒቱ ሊጠቅም ይችላል አለ። ሊሆን ይችላል። ለጊዜው ግን መርፌውን ማየትም አልፈልግም። ስኳሩን እለካለሁ አልኩት። ሰኞ እሄዳለሁ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ዓሣ ሻጯ ቼላ መጣች። የገበያው ጥግ ላይ ያለችው፣ ከኔ የምትወፍረው ቼላ። ቀሚሷን ላሰፋላት። ሜትሩን ሳዞርባት መሳቅ ጀመረች፣ ይሄ ወገቤ ተፈላጊ ሆኗል አለች። ኤደልሚራ ሌላ ክሊኒክ አግኝታለች፤ ይኼኛው አይጨቀጭቅም፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሚዛኑን ራሷ ተሸክማ ዓሣ ተራ ድረስ መጥታለች።

ተጸየፍኩ። ኤደልሚራን፣ ሚዛኑን፣ ራሴን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ቼላ ፊቷ ተኮሳተረ፤ አንቺ ስታደርጊው ጨዋታ፣ እኔ ሳደርገው ኃጢአት? አለችኝ።

ያዲራ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። መቼ እንደተነሳች አላየሁም።

"እትዬ ቼላ፣ ፎቶውን ለማን ሰጡ?"

"ከትናንት ወዲያ ለአንዷ ብቻ ነው የሰጠሁት ልጄ። በአንቺ ቦታ ለገባችው፣ ለሊስኔይ። ሌሎቹ ነገ ይመጣሉ።"

ሊስኔይን አውቃታለሁ። አስራ ስምንት ዓመቷ ነው። ሃምሳ አምስት ኪሎ ብትሞላ ነው።

ያዲራ ነጠላ ጫማዋን አደረገች። "አክስቴ፣ ያዢኝ" አለች። ከሆስፒታል ከወጣች ለኔ የመጀመሪያ ቃሏ። ቼላን ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ ትተናት ወጣን። እስከ ሊስኔይ ቤት ሦስት መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለቴ የሰው ደረጃ ላይ አረፍን። ላቧ እጄ ላይ ይንጠባጠባል፣ ተመለሺ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። በየጥጉ ከበሮ ይለማመዳሉ።

ሊስኔይ በሩን ከፈተች። ያዲራ ሸሚዟን ገልባ የቀዶ ሕክምናውን አራት ቁስል አሳየቻት። ልጅቷ ቁስሉን አንድ በአንድ አየች። ከዛ ገብታ የመርፌውን ሳጥን አምጥታ ለያዲራ ሰጠቻት፤ በረዶው እንኳን አልቀለጠም።

"ነገ ልጀምር ነበር" አለች።