ጉልበትሽና ሻኩራዬ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ጸበሉ ተስማማሽ? እኛ እዚህ ካስልሪጅ ሰፈር ደህና ነን፤ በረዶውም አባዬም ቀለጥ ማለት ጀምረዋል። ገዳሙ አካባቢ ስልክ አይሠራም ስላልሽ፣ ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን እትዬ ምሥራች ሐሙስ ወደ አገር ቤት ሲበሩ ይዘውልሽ ይመጣሉ።

መጀመሪያ ቂሜን ልናገርና ይውጣልኝ። ስምንት ዓመት የሕንድ ዳንስ ስማር፣ ለብቻዬ መድረክ የምወጣበትን ቀን አብረን ስንጠብቅ ኖረን፣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጉልበቴን ብለሽ ጥለሽኝ ሄድሽ። መምህርቴ ቫሳንቲ ደግሞ ወጓን አትለቅም። ተማሪዋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የምታስረውን የቃጭል ሻኩራ ከወላጅ እጅ ካልተቀበለች መድረክ አትረግጥም። አክስት አይሆንም፣ ጓደኛም አይሆንም። የቀረኝን ወላጅ ታውቂዋለሽ። ወንድ ልጅህ አይደለሁም፣ ሴት ነኝ ብዬ አርያም ከተባልኩ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድ ቀን በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ለማስታወቂያ ፎቶዬ የተለጠፈበትን የሕንድ ቀሚስ፣ የሳሪ ሱቅ ላለማየት ታክሲውን ይዞ በሌላ ሰፈር፣ በዌስትዊንድስ የሚዞር ሰው! በቴሌቪዥኑ ተከታታይ ድራማ ላይ ነርስ ሆኜ የወጣሁ ቀን ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተኛ።

ቢሆንም ለመንኩት። ሺፍት አለኝ አለ። አለቀስኩ፤ አንቺንም አማሁሽ፣ ይቅር በይኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔን ተኩዬ፣ አምሮብኝ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜያለሁ። ሻኩራው ትሪ ላይ ተቀምጧል። አዳራሹ ግጥም ብሏል፤ ቫሳንቲ ሰዓቷን ታያለች። ይኼኔ አባዬ ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ ላብ በላብ ሆኖ ገባ። ዳውንታውን ፓርኪንግ አጥቶ ሦስቴ እንደዞረ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አስረዳት። ከዚያ ሻኩራውን አነሣና፣ እንኪ አርያም፣ እናትሽ እንደሆነች የለችም ብሎ ሰጠኝ። እማዬ፣ ኩሌ እንዳይፈስ የታገልኩትን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ታዲያ በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር! ልጇ ከጨዋታ እስኪመለስ የምትጠብቅ እናት ሆኜ፣ በዓይኔና በጣቶቼ ብቻ እየተረክሁ፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሲያይ፣ አባዬ ከፊት ወንበር ተነሣ። ደረጃውን ወጣና ሃያ ዶላር ግንባሬ ላይ፣ ከቀዩ ነጥብ በላይ ለጠፈልኝ። ሕንዶቹ ክው አሉ። በዚያ ዳንስ መሀል መድረክ ወጥቶ የሚሸልም ሰው ታይቶ አይታወቅም። አባዬ ግን የጨፈረን ሳይሸልሙ መቀመጥ ነውር ነው ብሎ ያደገ ነው፤ ያውም የገዛ ልጁን! እኔ ሳልስቅ፣ ብሩንም ሳልነካ ቀጠልኩ። ከኋላ እትዬ ምሥራች እልልታቸውን ሲያቀልጡት አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። በኋላ ቫሳንቲ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ጨፍራ እንዲህ የሸለማት እንደሌለ ስትነግረው፣ ኪሱ ገብቶ ለእሷም ሃያ አወጣላት።

ድራማውን የሚሠሩት ሰዎች እዚያው ነበሩ። በሚቀጥለው ክፍል ሙሽራ ሁኚልን ብለውኛል። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገርሽ!

ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ በዌስትዊንድስ አልዞረም። ሳሪ ሱቁ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገና ወርዶ ፎቶዬን ብዙ አየው። አፍንጫሽ ቁርጥ የእናቴ ነው አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከንክኖኛል። ያ ሱፍ ከላውንደሪ ወጥቶ፣ ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰቅሎ ጠበቀው፤ ማን እንዳሳጠበው አያውቅም። ኤርፖርት ስትሸኚም ያን ሁሉ ሻንጣ አንጠልጥለሽ ደረጃውን እየዘለልሽ ነበር አሉ የወጣሽው፤ ገና ጸበሉን ሳትጠመቂ!

እግዜር ያንን ጉልበትሽን እንዲሁ እንዳጠነከረው ያቆይልኝ። በሰላም ተመልሰሽ ለመሳሳም ያብቃን።

ያንቺም የአባዬም ሴት ልጅ