በረዶ የማይጣልበት ጓሮ

የካቲት 24

ዛሬም የነቃሁት በአካፋ ድምፅ ነው። ወንድሜ የመኪናውን መውጫ ይጠርጋል። በረዶውን በእጅ ጋሪ ይሞላና ቤቱን ዞሮ ጓሮ ይገለብጠዋል። ክምሩ የኩሽናው መስኮት ግማሽ ደርሷል። ልጆች ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ የቤቱ በረዶ የሚጣለው እዚያ ነው። ለምን እዚያ? ማንም አያውቅም። አባዬ ስለጣለ እሱም ይጥላል።

ቁርስ ላይ የመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ላስቲክ ጠጠር አየሁ። ምንድነው ብል እማዬ አቀረቀረች። ናሙና ነው አለች። በረዶው ሲቀልጥ ጓሮው ላይ ጠጠር ይደፋና የወንድሜ መኪና መጠለያ ይሠራበታል። አባዬ ሰጥቶታል። መቼ?

"አንቺ ትምህርት ላይ ሳለሽ።"

ትምህርት ላይ ሳለሁ... ስለ ዕፅዋት ስማር ማለት ነው። ያንን ጓሮ አያቴ ለእኔ ነው የሰጠችው፣ ሁላቸውም ባሉበት። "ይቺ ልጅ አፈር አትጠየፍም፣ ጓሮው የእሷ ነው" ብላ። ወንድሜ ያኔ አጠገቧ ቆሞ አተር ይበላ ነበር። የእሷኑ አተር።

በዕፅዋት ተመርቄ የከተማውን የቧንቧ ውሃ ስመረምር እውላለሁ። ዛሬ አንድ ብልቃጥ ሰበርኩ። ሆን ብዬ አይደለም። አይመስለኝም።

የካቲት 25

እራት ላይ ተናገርኩ። አልጮህኩም... እሺ፣ ትንሽ ጮህኩ።

ወንድሜ ሳቀ። በዚህ ብርድ ምን ሊበቅል አለ፤ ሙቀቱ ሦስት ወር፣ ያውም ከተመቸው። የአያቴን አተር ሳነሳ አተርማ ብርድ ይወዳል አለ። ከማን ሰማ? ከእሷ ነዋ።

"ቀይ ቲማቲም አብቅዪና እንነጋገራለን። አረንጓዴ አይቆጠርም።"

"አበቅላለሁ" አልኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ወጣ በቃ።

አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የወጣቶች ኳስ ሲዳኝ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚዳኘው እኛን ነው። ፊሽካው ባይጠፋበት ኖሮ ነፍቶ ነበር። ፍርዱን ሰጠ። ከዚያ ጓሮ የበቀለ፣ ብርዱ ሳይገድለው ግንዱ ላይ እንዳለ የቀላ አንድ ቲማቲም ጠረጴዛው ላይ ከቀረበ፣ ጓሮው የእኔ። ካልቀረበ ጠጠር ይደፋበታል፣ እኔም የአያቴን ቃል ዳግመኛ አላነሳም።

እማዬ ሁለት እብድ ወለድኩ አለች። ቆጠራው ላይ አባዬን ረሳችው።

የካቲት 26

እንቅልፍ የለም። ግን ደስ የሚለው ዓይነት። ፈራሁ እንዴ? አልፈራሁም። ትንሽ።

የካቲት 29

ፕላኑ አለቀ። በተረፈ የግድግዳ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የሳልኩት፣ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ አልጋዬን ያክላል። ፀሐይ የሚመታው የኩሽናው ግድግዳ ሥር ቲማቲም፤ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልስላቸዋል። አጥሩ ላይ አተር፣ የአያቴ ቦታ። መሐል ካሮት፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ። የበረዶ መጣያው ከቤቱ ፊት፣ ከመኪናው መውጫ ጎን። ዳር ዳሩን ጎመን፣ እሱ ውርጭ ሲመታው ጭራሽ ይጣፍጣል። እንደኔ።

ዘሩን መረጥኩ። ከሁሉም ፈጣኑን፣ ፍሬው ከሁሉም ትንሹን። ትንሽ ፍሬ ቶሎ ይቀላል። ስለ መጠን ማንም ምንም አላለም። ውርርድ ሲገቡ መጠየቅ ነበር።

መጋቢት 11

ክምሩን ካላቀለጥኩት አፈሩን እስከ ሰኔ አላይም። ስለዚህ የምድጃችንን አመድና ጥላሸት በባልዲ እያወጣሁ እነሰንስበታለሁ። ነጭ በረዶ ፀሐይን ይመልሳታል፣ ጥቁሩ ግን ይውጣታል። በሳምንት አንድ ክንድ ወረደ። ክንዴን ይዤ ለካሁት፣ ጨፈርኩም። የጎረቤታችን ሴትዮ በመጋረጃ ስታይ ነበር፤ ትይ።

ዛሬ ጠዋት ወጥቼ ሳይ ጌታው ወንድሜ አዲሱን በረዶ አመዴ ላይ ገልብጦታል። "ልማድ ሆኖብኝ" አለ። ልማድ! አካፋውን ተቀብዬ አንድ በአንድ መልሼ መኪናው ላይ ጫንኩት፣ የበሩ እጀታ እስኪጠፋ። ከላዩ አመድ ነሰነስኩበት፣ ቶሎ እንዲቀልጥለት። አዛኝ እህት።

መጋቢት 20

በቀሉ። በቀሉ በቀሉ በቀሉ።

መጋቢት 27

መስኮት የሚባል ሁሉ ተይዟል። ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ የተከልኳቸው ችግኞች ሳሎን፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ ቤት... የወንድሜም ክፍል ጭምር፣ ጥሩ ፀሐይ ያለው እሱ ጋ ነው፣ ምን ላድርግ? ሁሉም አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው አንገታቸውን አስግገው ወደ ውጭ ያያሉ። በጣም ረዘሙ። ቸኩዬ ቀድሜ ዘራሁ እንዴ? ቸኩያለሁ። በመጽሐፉ ከተጻፈው ቀድሜ... መጽሐፉ እንደኔ የተናደደ ሰው አያውቅም።

ሚያዝያ 9

ቢጫ ሆኑ። ቅጠሉ ወደቀ። ጣቴን ስሰድ አፈሩ ረግረግ ነው። እኔ የማጠጣው በሦስት ቀን አንዴ! ወንድሜ ነው አልኩ፣ ከመታጠቢያ ቤት እስኪወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት፣ ያልተባለ ነገር የለም። ነፍሰ ገዳይ ሁሉ ብያለሁ።

ያኔ እማዬ ከኩሽና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እሷ ጠዋት ጠዋት አንድ አንድ ስኒ ብቻ እንደምትሰጣቸው ተናገረች። ስለምታሳዝናት። እኔ ሥራ ላይ ስውል ማን ያያቸዋል ብላ። አባዬ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ፊቱን ሸፈነ። እሱ ደግሞ ከምሳ በኋላ። ግማሽ ብርጭቆ። "ማንም የሚያጠጣቸው አልመሰለኝም" አለ።

ወንድሜ ፎጣውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሟል።

"እኔ ክፍሌ ያሉትን ብቻ ነው" አለ። "ደርቀው ሲታዩኝ ጊዜ።"

ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ ይባላል። እዚህ ቤት ግን ሴቱም ወንዱም ተባብሮ ቲማቲም አሰጠመ። ሳቄ መጣ። እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሰባት ተረፉ።

ሚያዝያ 13

ከሥራ ስመለስ ግድግዳው ላይ ሦስት አሮጌ መስኮት ከነመስታወቱ ተደግፎ ቆሟል። ወንድሜ መስኮት ገጣሚ ነው፤ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ያስገባል። ባለፈው ወር ለችግኞቼ መከለያ ብለምነው መስታወት ለሰው እንጂ ለቅጠል አይሆንም ብሎኝ ነበር።

አመሰገንኩ? አላመሰገንኩም። እሱም ወደ እኔ ሳያይ ተሸነፍኩ ማለት አይደለም፣ ጠጠሩን ለመስከረም አዝዣለሁ አለ።

ግንቦት 14

ክምሩ አለቀ! ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ። ከሥሩ ምን ምን አልወጣም... ነጠላ ጓንቶች፣ የተሰበረ የአካፋ እጀታ፣ የእማዬ ማንኪያ፣ የአባዬ ፊሽካ። አጥቤ ሰጠሁት። እጁ ላይ አገላበጠው፣ አንገቱ ላይ አጠለቀው። ንፋው ብለው ጨዋታ ሳያልቅ አይነፋም አለ።

አፈሩ ጥቁር ነው። ከመሥሪያ ቤት ያመጣሁትን ቴርሞሜትር ሰካሁበት። ገና ይቀዘቅዛል። ሽታው ግን... የአያቴ እጅ ይሸታል። ተንበርክኬ ብዙ ቆየሁ።

ሰኔ 2

ሰባቱንም ተከልኩ። መስኮቶቹን እንደ ጎጆ ጣሪያ ደገፍኩላቸው። ሲነጋ ከመልበሴ በፊት ሄጄ አየኋቸው። ምን ሊሆኑ? ቆመዋል።

ሰኔ 26

ሰላጣ በላን። ወንድሜ ሁለቴ ጨመረ። አይቆጠርም አለ፣ አፉ ሞልቶ።

ሐምሌ 17

አበቡ! ግን ብርድ ነው፣ ንብ የለም። አበባው ካልተንቀጠቀጠ ዱቄቱ አይወርድም፣ ፍሬ የለም። ምን ይንቀጠቀጣል? ሳስብ ቆየሁ ቆየሁና... የወንድሜ ጢም መላጫ።

ጠዋት ጠዋት እሱ ሲተኛ ወስጄ እያንዳንዱን ግንድ ዝዝዝ አደርጋለሁ። ቢጫው ዱቄት እንደ ጭስ ይወርዳል። ዛሬ ያዘኝ። በፒጃማ በሩ ላይ ቆሞ ቲማቲም ስላጭ አየኝ። ሲጨርሱ ሎሽን ቀቢያቸው ብሎ ገባ።

ነሐሴ 26

ፍሬ አለ። ብዙ። ሁሉም አረንጓዴ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። ማታ ማታ ትንፋሼ ይታያል። አባዬን ቆርጬ ቤት ውስጥ ባቀላውስ ብዬ ጠየቅኩት። ግንዱ ላይ ብለናል አለ። ልቡ ግን አላስቻለውም፣ ሲወጣ ሲገባ ያያቸዋል።

መስከረም 5

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ትናንት ሬዲዮው ሌሊቱን ውርጭ ይወርዳል አለ። ከሥራ ሮጬ መጣሁ። መስኮቶቹ ከእንግዲህ አይበቁም፣ ግንዶቹ በልጠዋቸዋል። አንሶላ አወጣሁ፣ የክረምት ካፖርቴን፣ የመታጠቢያ ቤቱን መጋረጃ። እማዬ ብርድ ልብሷን ይዛ መጣች። አባዬ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ ግንዶቹ ሥር ደረደረ። ገና ጥጉ ባዶ ነበር፣ ያውም ከሁሉም ቀድማ ብርቱካናማ መሆን የጀመረችዋ ያለችበት።

ወንድሜ በረንዳ ላይ ቆሞ ሲያየን ነበር። ዝም ብሎ ቢገባ ጓሮው የእሱ ነው። ሁላችንም አውቀናል። ጠጠሩ ነገ ይመጣል።

ሄደ። መኪናውን ገፈፋት። ከገዛት ጀምሮ በየማታው እንደ ሕፃን የሚያለብሳትን ሽፋን ጎትቶ አመጣና ጥጉ ላይ ዘረጋው።

"ዛሬ እሷ ትብረድ" አለ።

ዛሬ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ነው። የመኪናው መስታወት በውርጭ ታውሯል፣ ወንድሜ ሲፍቅ ሥራ ረፈደበት። ሽፋኑን ስገልጠው... አለች። ሞቃ፣ ብርቱካናማ።

መስከረም 11

ቀላች!

በትልቁ ሳህን አቀረብኳት፣ ለእንግዳ በሚወጣው። አውራ ጣቴን አታክልም። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ይቺ ቲማቲም ናት ወይስ የሸሚዝ ቁልፍ አለ። ስለ መጠን የተባለ ነገር የለም አልኩ። ከየካቲት ጀምሮ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጠብቃት ነበር።

አባዬ አነሳት፣ አሸተታት፣ ወደ መስኮቱ ይዞ አያት።

"ጎል ማማር የለበትም" አለ። "መግባት ነው ያለበት።"

ፊሽካውን ነፋ። ቤት ውስጥ! እማዬ ድስቱን ለቀቀችው።

አራት ቦታ ቆረጠቻት። ወንድሜ የደረሰውን ብዙ አኘከው፣ ከዚያ "ጨው አቀብዪኝ" አለ። ይኸው ነው፣ ከእሱ ሌላ አይጠበቅም።

ሳህን ስናጥብ አባዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እናቱ ያን ቀን ጓሮውን ለእኔ ስትሰጥ ሰምቶ እንደነበር ነገረኝ። ይቅርታ አለ? አላለም። ግን ፎጣውን ተቀብሎኝ ማድረቅ ጀመረ፤ አባዬ ሳህን ሲያደርቅ አይቼ አላውቅም።

ጥቅምት 20

የመጀመሪያው በረዶ።

በአካፋ ድምፅ ነቃሁ። የጋሪው ጎማ ቤቱን ሲዞር ሰማሁ፣ ጠጠሩ ላይ... ጠጠሩን የመደቦቹ መሐል መሄጃ አድርገነዋል፣ ራሱ ነው የደፋው። ከዚያ ጎማው ቆመ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ወንድሜ ሙሉ ጋሪ ይዞ ጥጉ ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝ።

"የት ልጣለው?" አለ።

ስንት ዓመት ሲጥል ማንንም ጠይቆ አያውቅም። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ከየካቲት ጀምሮ ፕላኑ ላይ አለ። ግን ትንሽ አስቆምኩት። በረዶው ትከሻው ላይ እየወረደ፣ ጓሮዬ ጠርዝ ላይ፣ ፈቃድ ሲጠብቅ... ደስ አይልም?