ስምንቱ ባዶ ቦታዎች

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም የባቡር ጣቢያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሁለት ዙር ዞርኩ። ምንም የለም። ከግንቡ ሥር አንዲት ቦታ አይቼ ልገባ ስል ያ ባለ ነጭ ቫኑ ከኋላዬ ሾልኮ ገባባት። መስኮት አውርጄ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "እትዬ፣ ነገ ቀደም ብለሽ ነይ።" ዓይኑን በጨው አጥቦ!

የእኔ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ ምንም አላለም። ስኳሩ እግሩን ካስቆረጠው ወዲህ በቦታ ጠብ ውስጥ አይገባም። ድሮ ቢሆን ከእኔ ቀድሞ ነበር የሚወርደው።

ስለዚህ ያው ሜዳው ላይ አቆምኩ። ከሐዲዱ ማዶ፣ ጭቃው ውስጥ። ከዚያ እስከ ጣቢያው በር ለእኔ ምንም አይደለም። ለእሱና ለዚያ ሰው ሠራሽ እግሩ ግን... በር ላይ ላውርድህ ብለው ጥበቃው ፊሽካውን እየነፋ ይሮጣል፤ ለአፍታ መቆም ክልክል ነው። በሩ ፊት ለፊት ደግሞ ስምንት ሰፋፊ ቦታዎች በሰንሰለት ታጥረው ባዷቸውን ተዘርግተዋል። "ለኃላፊዎች ብቻ" ይላል። የትኞቹ ኃላፊዎች? እስከ ዛሬ እዚያ ሲያርፍ ያየሁት እርግብ ብቻ ነው።

ማታ ከሰው ሠራሽ እግሩ ሥር የሚያደርገውን ካልሲ ሳጥብ ደም አየሁበት። አልነገርኩትም። እሱም አልነገረኝም።

ሐምሌ 4

ሜዳው። ጭቃው። አንዴ ተንሸራተተና ክንዱን ያዝኩት። እጄን መነጨቀው።

ሐምሌ 8፣ እሑድ

ለካ ዝም ያለው ወስኖ ነው! ምሳ ላይ፣ እህቱ ባለችበት፣ እንደ ቀላል ነገር "መነጽር ቤቱን በነሐሴ መጨረሻ አስረክባለሁ" አለ። ለባለ ሕንፃውም ነግሮታል። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የሰው መነጽር ሲሠራ የኖረበትን ሱቅ! እኔ መጨረሻ ሰሚ።

እህቱ ደስታዋን አልቻለችውም። "እሰይ ወንድሜ! አሁንስ እረፍ፣ ቤትህ አርፈህ ተቀመጥ።"

"ሥራው ነው የደከመህ?" አልኩት።

"ሥራውማ ምን አለው። እዚያ እስክደርስ ነው።"

በቃ፣ እዚያው አበድኩ። ሰውን ሕመም ከሥራው ያስቀረዋል፣ እርጅና ያስቀረዋል። መኪና ማቆሚያ ያስቀረዋል እንዴ? ስምንት ቦታ ባዶውን እያደረ? እኔ ቆሜ? አይደረግም! ቤት ከተቀመጠ ደግሞ አውቀዋለሁ... ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያልቀው። አሁንም ጠዋት ስቀሰቅሰው ወደ ግድግዳው ነው የሚዞረው።

ዕቃ ሳጥብ ሳህን ሰበርኩ። ሆን ብዬ አይደለም። ምናልባት።

ሐምሌ 9፣ ሰኞ

የምሰፋውን የሆስፒታል አንሶላ ስፌት ማሽኑ ላይ ጥዬ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። የጣቢያው ኃላፊ ዘንድ ገብቼ ከስምንቱ ቦታዎች አንዱን ክፈቱልን አልኩት። ንጹሕ ሰው፤ ጠረጴዛው ላይ አንዲት አቧራ የለችም። አንዲት ሥራም የለችም።

"ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ይጠናል።"

"መቼ ይጀመራል ጥናቱ?"

"እሱም ይጠናል።"

ላም አለኝ በሰማይ! ከዛሬ ጀምሮ ስሙ ጋሽ ይጠናል ነው። ስወጣ በሩን በደንብ አድርጌ ዘጋሁለት። መስታወቱ ነቅነቅ አለ እንጂ አልተሰበረም።

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

ባቡሩ ውስጥ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመርኩ። እሱ ጥግ ተቀምጦ ጋዜጣ ውስጥ ተደበቀ፣ እንደማያውቀኝ።

በጣም የገረመኝ... እነዚህን ሰዎች ስንት ጊዜ ሰድቤያቸዋለሁ፣ ፊታቸውን ግን አላውቀውም። የማውቀው ክላክሳቸውን ነው። አንድ ጎረምሳ መሰል ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመና "እትዬ፣ አላወቅሽኝም?" አለኝ። ባለ ቫኑ! የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ያለ መኪናው ሲያዩት ሰው ይመስላል። እሱም እንደዚያው ነው የሚያስበኝ መሰለኝ። "እኔ እኮ ቫኑን ሜዳ ካቆምኩት ዕቃዬን ይሰርቁኛል፤ ሁለት ጊዜ ተሰርቄያለሁ" አለኝ። ለዚህ ነው የሚሽቀዳደመው። ምን አውቄ።

የወንዝ ማዶው ትምህርት ቤት አስተማሪም ፈረመች። ነፍሰ ጡር ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ እሷም በዚያ ጭቃ ነው የምትመጣው። እስክንወርድ ሦስታችንም ኮሚቴ ሆነን ነበር።

ሐምሌ 18

ፊርማውን ትናንት ለጋሽ ይጠናል አስገባን። ተቀበለ፤ ማህተም አደረገ፤ ፈገግ አለ። ዛሬ ጠዋት ሄደን ስናይ ሰንሰለቱ ተቀይሯል። በወፍራም!

ሐምሌ 19፣ ሐሙስ

መላው የአስተማሪዋ ነው። "ሰንሰለቱ የሚከለክለው መኪና ነው፤ ሰው አይከለክልም። ባቡር ስንጠብቅ መድረኩ ላይ ከምንቆም ለምን እዚያ አንቀመጥም?" ከነገ ጀምሮ ሁሉም በርጩማውን ይዞ ይመጣል።

ማታ እሱን "አንተም ናና ከእኛ ጋር ተቀመጥ" አልኩት።

"እግሬን ገበያ አታውጪው" አለ። መብራቱን አጠፋ።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

አራተኛ ቀናችን። ስምንቱም ቦታ ሞልቷል፤ በሰው! አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ አንዷ ሹራብ ትሠራለች፣ ባለ ቫኑ ሰንሰለቱን ዘሎ ገብቶ ለሁሉም እንደ ቤቱ "ግቡ ግቡ፣ አትፈሩ" ይላል።

ጥበቃው ፊሽካውን ነፋ። "እዚህ ማቆም ክልክል ነው!"

"ምን አቆምን? መኪና አየህ?" አልኩት።

አሰበ። ፊሽካውን ኪሱ ከተተ። ትንሽ ቆይቶ የእሱም እህት ሜዳው ላይ ካቆመችው መኪና ጎማ እንደፈቱባት ነገረን።

የእኔ ሰው ብቻ የለም። ብቻውን መድረኩ ላይ ተቀምጦ ወደ ሌላ ይመለከታል። ተናድጄበታለሁ። አንጀቴንም ይበላዋል። ሁለቱንም።

ሐምሌ 30፣ ሰኞ

ጋሽ ይጠናል አስጠራኝ። ብቻዬን። ወንበር ሳበልኝ፤ ያኔ ነው የጠረጠርኩት።

ከነገ ወዲያ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትልልቆቹ ሊመጡ ነው ለካ። "ለባለቤትዎ ከበሩ አጠገብ የራሱ ቦታ፣ የመኪናው ቁጥር የተጻፈበት ታፔላ፣ ነገውኑ እናስቆማለን። የሰው ችግር እንረዳለን። እርስዎም እንግዲህ... ረቡዕ ዕለት ያንን በርጩማ ቤት ቢተዉት።"

አጥንት ወርውሮ ዝም ሊያሰኘኝ ነው! ልነሣና የሚገባውን ልነግረው ነበር። ግን ያ ደም ያለበት ካልሲ ትዝ አለኝ። ቦታው ካለ ሱቁን አይዘጋም። በቃ፣ ሌላ ምን ፈልጌ ነው ይህን ሁሉ የጀመርኩት?

"አስብበታለሁ" አልኩት። እኔ! በመመለሻው ባቡር አስተማሪዋ አጠገቤ ተቀመጠች፣ "ረቡዕ እኔ ትልቁን ፍራሽ ነገር አመጣለሁ፣ ወገቤ አልቻለም" እያለች ስትስቅ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ነሐሴ 1

ታፔላው ቆሟል። የእኛ ቁጥር። መልሴን እንኳን አልጠበቀም።

እሱ አየው። እራት ላይ "ምን አስከፈለሽ?" አለኝ። ነገርኩት። ሁሉንም።

"ምን አልሽው?"

"አስብበታለሁ አልኩት።"

ሳቀ። ስንት ወር ያልሰማሁትን ሳቅ። "እና ዝም ልትዪ? አንቺ? እኔ ሠላሳ ዓመት ሞክሬ ያቃተኝን ሰውዬው በአንድ ታፔላ ሊችል?"

እኔ አልሳቅኩም። "አንተ ሱቅህን ትዘጋለህ እኮ! ምን ላድርግ?"

"ቦታውን ተቀበይ። እግር ለሌለው ሰው ይገባል። የአፍሽ ዋጋ አይደለም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚያ የማልቀመጠው እኮ እንዲያዝኑልኝ ስለማልፈልግ ነው" አለ።

"ማን እዘኑልኝ በል አለህ? ተቆጣ ነው ያልኩህ!"

ጮኼበት ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

ነሐሴ 2፣ ረቡዕ

ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ታፔላችን ሥር አቆምን። ጋሽ ይጠናል በሩ ላይ ቆሞ፣ ከረባት አድርጎ፣ ፈገግ አለልን። እኔ በርጩማዬን ከኋላ አወጣሁ። ፈገግታው ጠፋ።

የእኔ ሰው ወደ መድረኩ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ወደ ሰንሰለቱ ነው የሄደው። ባለ ቫኑ "ጋሼ፣ ልያዝዎት" ብሎ ሲሮጥ "ተወኝ" አለው። ጤነኛ እግሩን አሻገረ፣ ያኛውን ጎተተ፣ በርጩማዬን ከእጄ ነጥቆ መሃል ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሱሪውን ሰበሰበ፣ የሰው ሠራሽ እግሩን ማሰሪያ ፈታ፣ አወለቀውና ከፊቱ አስፋልቱ ላይ አቆመው። ቤት ውስጥ እንኳን ሲያወልቅ በእኔ በሚስቱ ላይ በር ይዘጋል።

ጋሽ ይጠናል እየሮጠ መጣ። "ጋሼ፣ እርስዎማ ቦታ ተሰጥቶዎት የለም እንዴ?"

"ተሰጥቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ይቺን ልጅ አየሃት?" ወደ አስተማሪዋ ጠቆመ። "ነገሩን እሷ እስክትወልድ ነው የምታጠናው ወይስ ልጁ እስኪመረቅ?"

ሳቁ ጣሪያ ቢኖር ያነሣው ነበር።

ባቡሩ መጣ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሮጡ፤ አልፈርድባቸውም። ሌሎቻችን ተቀመጥን። እኔ እስከ ዛሬ ባቡር ቆሞ እየጠበቀኝ ሳልሳፈር ቀርቼ አላውቅም። በሩ ተዘጋ። አለቃዬ ዓይኔ ላይ መጣችብኝ። ባቡሩ ሄደ።

ከዚያ ሦስት ጥቁር መኪኖች መጡ። ዞሩ። ቦታ የለም። ደግመው ዞሩ። ክላክስ ነፉ፤ እኛ ዘንድ ክላክስ ማን ይፈራል! በመጨረሻ... ወይ ጉድ፣ ይህን ለማየት ነው የኖርኩት... ወደ ሜዳው ሄዱ። ከሐዲዱ ማዶ ወርደው፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ሱሪያቸውን ይዘው፣ ጭቃውን እየተሻገሩ መጡ። አንደኛው ጫማው ተውጦበት በካልሲው ቀረ። ጥበቃው ሄዶ አወጣለት።

ያ በካልሲው የቀረው ሰውዬ ነው የእኔ ሰው ፊት የቆመው። አስፋልቱ ላይ ያለውን እግር አየ፣ የራሱን ካልሲ አየ። "ይሄ መንገድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለ።

"አይ፣ ዛሬ ደህና ነው" አለው የእኔ ሰው።

ነሐሴ 3

ሥራ ቦታ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ፈርሜ ተቀበልኩ። ደግሞ ቢመጣ ደግሜ እፈርማለሁ።

ነሐሴ 10

ሰንሰለቱ ተፈታ። ስምንቱ ቦታ ለነፍሰ ጡር፣ ለአቅመ ደካማና ዕቃ ለሚጭን ሠራተኛ። ባለ ቫኑ ከደስታው ብዛት አጣሞ አቆመ፤ ሰደብኩት። ሜዳው ላይ ጠጠር ይደፋል ተብሏል። የሜዳው መብራትስ? አልናቸው። መብራቱ ይጠናል።

ነሐሴ 22፣ ማክሰኞ

ትናንት ለባለ ሕንፃው ደውሎ "አልለቅም" አለው። ሰውዬው ለሌላ ሰው ቃል ገብቼ ነበር ቢለው ተጨቃጨቀው። ግማሽ ሰዓት! ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ቡና ቤት ውስጥ ያወቅኩት፣ ከመጋባታችን በፊት የነበረው ሰውዬ መሰለኝ። እህቱ አኩርፋለች፤ "አንቺ ነሽ የምታስገድዪው" ትላለች። ትበል።

አሁን ኮሚቴውን የያዘው እሱ ነው። ከፉርጎ ፉርጎ ይዞራል፣ ስለ መብራቱ ሰው ያስፈርማል፣ ለሚፈርም መነጽር በነጻ ይጠግናል። ማታ ስብሰባ፣ እሑድ ስብሰባ። ዛሬ ምሳውን ስቋጥርለት "ምናለ አንድ ቀን ቤት ብትቀመጥ" ብዬ ራሴን ያዝኩት። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ይኸው ገና ጽፌ ሳልጨርስ ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ ከጎን ወንበር እጁን ዘርግቶ ክላክሱን ይነፋል። "ነይ እንጂ አንቺ ሴትዮ! ባቡሩ ላንቺ ብሎ አይቆምም!" ጎረቤቱ መስኮት ከፍቶ ይሰድበዋል። እሱም መልሶ ይሰድበዋል።

ይሳደብ። ሄድኩ።