አባባ የሰሙት መጽሐፍህ

ውድ ወንድሜ፣

መጽሐፍህን ያገኘሁት ለልብስ ቅድ የሚሆን ወረቀት ልገዛ መጻሕፍት መደብር ገብቼ ነው። ስምህን ሽፋኑ ላይ ሳይ እዚያው ቆሜ አንዱን ታሪክ ጨረስኩት። ብቻዬን ስስቅ ሻጯ «ደህና ነሽ?» አለችኝ።

በታሪኩ ውስጥ ደንበኛ ያዘዘውን ትቶ ደስ ያለውን የሚቆርጠው ፀጉር አስተካካይ የኛው ጎረቤት መሆኑን ለማወቅ ሁለት መስመር አልፈጀብኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሰፈር እንዲህ ደስ የሚል መሆኑን ያወቅኩት ገና አሁን ነው።

አባባ «ተረት የሚጽፍ ልጅ የለኝም» ብለው ያስወጡህ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቆጥቁጦኛል።

አሁን የአባባን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ጋዜጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ባለፈው እሑድ ግን የማን እንደሆነ ሳልነግራቸው ያንተን ከፈትኩ። የአንዲት አሮጊት ደጃፍ ላይ ስትደርስ አልንቀሳቀስም ብላ የምትቆመዋን አውቶቡስ ታሪክ አነበብኩላቸው።

«አውቶቡስ እንዲህ አያደርግም» አሉ፤ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዱ ሰው አይደሉ።

ሹፌሩ ወርዶ አሮጊቷን ደግፎ ሲያሳፍራት፣ ሲያጉረመርም የነበረው ተሳፋሪ ሁሉ ቦታ ሲለቅላት ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ሹፌሩ መሪ ከመጨበጡ በፊት መዳፉን በሱሪው ይጠርጋል ያልክበት ላይ ስደርስ ግን አስቆሙኝ።

«ማነው የጻፈው?»

«ልጅዎ ነው፣ አባባ።»

መጽሐፉን የሚነጥቁኝ መስሎኝ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። እሳቸው ግን መዳፋቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

«ለካ ሲያየኝ ኖሯል» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ቀጥይ» አሉኝ።

በአራት ቀን ጨረስነው። ትናንት ደግሞ የጎረቤታችን ፀጉር ቤት ካልወሰድሽኝ ብለው፣ ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ የፀጉር አስተካካዩን ታሪክ አስነበቡኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱ መቀሱን እንደያዘ «ይሄ የማን ሥራ ነው?» ሲል አባባ ቀደሙኝ፤ «የልጄ ነው» አሉ።

ቅዳሜ ና። ይቅርታ ይጠይቁሃል ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ጠባያቸውን ታውቃለህ። ግን ዛሬ ጠዋት «የስፌት መኪናሽን ከወንድምሽ ክፍል አውጪ» አሉኝ። አውጥቼዋለሁ።

የምትወድህ እህትህ